ወይዘሮ ተዋበች

ከገሳይ ሩቅ ባልሆነችው በደብረ ታቦር ከተማ ራስ ዓሊ የሚባል ታላቅ መስፍን ይገዛ ነበር። ከተማዪቱን የመሠረታት አያቱ ራስ ጉግሣ ነው። እናቱም እቴጌ መነን ትባል ነበር። ይህ ራስ ዓሊ ተዋበች የምትባል ልጅ ነበረችው።

በዚያ ዘመን ካሳ ኃይሉ የተባለ የቋራ ሰው ሸፍቶ ብዙ ጭፍራ ሰበሰበ። መነንና ዓሊ በጦር ሊያጠፉት ባልቻሉ ጊዜ በጋብቻ ሊያስሩት አሰቡ፤ ተዋበችንም ዳሩለት። እንዲህ ያለው ጋብቻ በሌላም አገር ልማድ ነበረ። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1850 ዓመተ ምሕረት የመጀመሪያ ልጅዋን ለፕሩስያ ልዑል ዳረች፤ ልጅቱም በጋብቻ የጀርመን ልዕልት ሆነች። የነገሥታት ልጅ የሁለት ቤት ማሰሪያ ነበረች። ሁለቱ ቤቶች በተጣሉ ጊዜ ግን ጭንቁ የእርስዋ ነው።

የመነን ቤት ሰዎች ካሳን፦ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይንቁት ነበር። ካሳ በጦርነት ቆስሎ በታመመ ጊዜ፥ ለሐኪሙ የሚሰጠው ላም እንዲልኩለት ለመነ። መነን ግን አንድ ብልት ሥጋ ብቻ ሰደደችለት ይባላል። ተዋበችም ይህን ባየች ጊዜ፥ የተናቀው ባልዋ ብቻ ሳይሆን እርስዋም እንደ ሆነች ቈጥራ እጅግ አዘነች።

ከዚያም ጦርነት ሆነ። ካሳ በ1839 ዓመተ ምሕረት እቴጌ መነንን ማረካት፤ ኋላም ታርቆ ለቀቃት። እርቁ ግን አልቈየም። በ1845 ዓመተ ምሕረት ካሳ በጎጃም በአይሻል ራስ ዓሊን ድል አደረገው፤ ዓሊም ሸሸ። ያሸነፈው የተዋበች ባል ነው፤ የተሸነፈውም አባትዋ ነው። በባልዋ ሰፈር እልልታ በተሰማ ቀን የአባትዋ ቤት ፈረሰ። እርስዋ ግን ባልዋን አልከዳችም።

ካሳ በ1847 ዓመተ ምሕረት በደረስጌ ማርያም፦ «ዐፄ ቴዎድሮስ» ተብሎ ነገሠ፤ ተዋበችም እቴጌ ሆነች። በዚያ ዘመን ብዙዎች መኳንንት ሴት ያበዙ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን ሥጋ ወደሙ ተቀብለው በቁርባን ጸኑ። ንጉሡ በተቈጣ ጊዜ ምክርዋን ይሰማ ነበር።

እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓመተ ምሕረት ሞተች፤ ንጉሡም መሪር ልቅሶ አለቀሰላት። ከእርስዋ በኋላ ቁጣው እየበረታ ሄደ። በዘመኑ የነበሩ ሰዎችም፥ የሚያበርደውን መካሪ ስላጣ ነው ብለው ተናገሩ።

ልጆች ሆይ፥ ትልቅ ስም ከአባት ይወረሳል፤ ታማኝነት ግን አይወረስም። ተዋበች ስምዋን ከራስ ዓሊ ቤት አገኘች፤ ክብርዋን ግን ያገኘችው በመከራ ቀን ቃል ኪዳንዋን በመጠበቅዋ ነው።