ሞተሩን የሚያነሳው ሞተር

ከጀልባ ጀርባ የሚታሰር ሞተር መግፋትና መጠምዘዝ ብቻ አይበቃውም፤ መነሳትም አለበት። ውሃው ሲሳሳ ፕሮፔለሩ ከድንጋይ ይጋጫል፤ ጀልባው ተጎታች ላይ ተጭኖ መንገድ ሲጀምር የሞተሩ እግር አስፋልት ሊፈትግ ይደርሳል። ጣና ላይ ጀልባ ለሚነዳ ሰው ይህን ማስረዳት ለቀባሪው አረዱት ነው። ሐይቁ ጠለቀ ቢባል 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳር ዳሩን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እምቦጭ ወሮታል። አረሙ ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከውሃ አውጥቶ፣ በእጅ እየነጩ ማላቀቅ ነው። ሞተሩ የ15 ወይም የ25 ፈረስ ጉልበት ከሆነ ነጂው ጎንበስ ይልና መያዣውን ይዞ በክንዱ ይስበዋል።

የኖርዌይ ተወላጁ ኦሌ ኤቪንሩድ እ.ኤ.አ. በ1909 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ለገበያ ያቀረበው የጀልባ ሞተር 28 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ስለነበር ማንሳቱ ጣጣ አልነበረውም። ዛሬ ባለ አራት ምት የ115 ፈረስ ጉልበት ሞተር 170 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል። ይህን በክንዴ ልሳበው የሚል ወገቡን የጠላ ነው። ስለዚህ ትልልቆቹ ሞተሮች ከጀልባው ጋር የሚያያዙበት ብረት ውስጥ ሌላ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተርና ሃይድሮሊክ ተሸጎጠላቸው። ሙሉ ስሙ ፓወር ትሪም ኤንድ ቲልት ነው፤ እኛ እዚህ ማንሻ እንበለው።

ማንሻው ሁለት ሥራ ይሠራል። ቲልት ሞተሩን ጨርሶ ከውሃ ማውጣት ነው። ትሪም ደግሞ ጀልባው እየሄደ የሞተሩን ማዕዘን በጥቂት ዲግሪ ማስተካከል ነው። ሞተሩ ወደ ጀልባው ከልክ በላይ ከተጠጋ የጀልባው አፍንጫ ውሃውን ያርሳል፣ መሪው ይከብዳል፣ ነዳጁም ያልቃል። ከልክ በላይ ከራቀ አፍንጫው ብድግ ቁጭ ማለት ይጀምራል፤ ፕሮፔለሩ አየር ይስብና ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። ማንሻው የተበላሸበት ነጂ ታዲያ የሚቸገረው ዳር ሲደርስ ብቻ አይደለም፤ መንገዱን ሁሉ ነው።

አሠራሩ ከሚመስለው ይቀላል። በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ከመኪና ሞተሪኖ ብዙም የማይለይ ሞተር አለ። እሱ የሚያዞረው ባለ ጥርስ የዘይት ፓምፕ፣ የዘይት ቋት፣ የቫልቮች ቤትና ሲሊንደሮች ይከተላሉ። ኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ፓምፑ ዘይቱን ወደ ፒስተኑ ሥር ይገፋና ማንሻው ይወጣል፤ ወደ ሌላው ሲዞር ዘይቱ ከፒስተኑ በላይ ይገባና ይወርዳል። አቅጣጫውን የሚወስኑት ሪሌ የሚባሉ ሁለት የኤሌክትሪክ መቀየሪያዎች ናቸው፤ አንዱ የመውጫ፣ ሌላው የመውረጃ። በብዙ ሞተሮች ላይ የመውጫው ሽቦ ሰማያዊ፣ የመውረጃው አረንጓዴ ነው።

ሦስት ሲሊንደር ያለው ማንሻ በተገጠመላቸው ሞተሮች ላይ ሁለቱ አጫጭሮች የመጀመሪያዎቹን 20 ያህል ዲግሪዎች በጉልበትና በዝግታ ይገፋሉ። ከዚያ በላይ መካከል ላይ ያለው ረጅሙ ብቻውን፣ ፈጠን ብሎ፣ እስከ 70 ዲግሪ አካባቢ ያደርሰዋል። ይህ ብቸኛ ሲሊንደር የፕሮፔለሩን ሙሉ ግፊት እንዲሸከም አልተሠራም። ሞተሩ ከፍ እንዳለ ነዳጅ ሲጨመር ቫልቭ ይከፈትና ሞተሩ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይመለሳል። ብልሽት አይደለም፤ ብልሽት መስሏቸው ፓምፕ የሚያስፈቱ ግን ሞልተዋል።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግንድ ሲመታ የሚሆነው ነገር ነው። ሞተሩ በዘይት ተቆልፎ ስለሚቆም በፍጥነት እየሄደ ከግንድ ጋር ቢጋጭ አንድ ነገር መሰበር ነበረበት። ግን ረጅሙ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ፒስተን በመደበኛ ጊዜ ጥርቅም ብለው የሚዘጉ ትንንሽ ቫልቮች አሉት። ድንገተኛ ምት ሲመጣ ይከፈታሉ፤ ዘይቱ ከላይ ወደ ታች ያልፋል፤ ሞተሩ ብድግ ብሎ ግንዱን ያሳልፋል። ከሥሩ ያለው ሌላ ተንሳፋፊ ፒስተን ከቦታው አይነቃነቅም፤ ሞተሩ ሲመለስ የሚያርፈው እሱ ላይ ስለሆነ ማዕዘኑ ቀድሞ የነበረው ነው።

ማንሻ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚመረምረው ጆሮ ነው። ማብሪያዋ ተጭና ጭጭ ካለ ነገሩ ከዘይት ጋር አይገናኝም፤ ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ማብሪያ ወይም የዛገ የሽቦ መገናኛ ነው። «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ሪሌው ትእዛዙን ተቀብሏል፤ ኃይሉ ግን አልተላለፈም። ወጥቶ አልወርድ ካለ፣ ወይም ወርዶ አልወጣ ካለ፣ ሁለቱ ሪሌዎች በብዙ ሞተሮች ላይ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ቦታ ማለዋወጥ ነው፤ ጥፋቱ አብሮ ከተዘዋወረ ጥፋተኛው ተያዘ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ወደ ኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች ፈትቶ ከባትሪው ኃይል በቀጥታ መስጠት፣ ከዚያም ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አገላብጦ መሞከር ነው። ያኔም ካልዞረ ሞተሩ ይፈታ። ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ያለቀ ካርቦንና በሲል በኩል የገባ ውሃ ያመጣው ዝገት ነው። በእኔ ግምት ከተቀየሩት ፓምፖች ብዙዎቹ ያለ ጥፋታቸው ተቀይረዋል፤ ሪሌና የዛገ ሽቦ ቀድሞ ቢታይ ኖሮ ቦታቸው ላይ ይቆዩ ነበር።

ኤሌክትሪክ ሞተሩ እየዞረ ማንሻው ካልተነሳ ግን ጉዳዩ የዘይት ነው። ሸክም እንደሌለው ቀጠን ባለ ድምፅ በፍጥነት የሚዞር ከሆነ ወይ ዘይት ጎድሏል፣ ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ የእጅ ማስለቀቂያው ቡሎን ክፍት ቀርቷል። ይህች ቡሎን ሞተሩን ከጀልባው ጋር ከሚያያይዘው መያዣ ብረት ጎን ባለች ቀዳዳ በኩል በካቻቢቴ የምትዞር ናት። ባትሪ ሲሞት እሷን ከፍቶ ሞተሩን በእጅ ማንሳት ይቻላል። ሞተሩ ከፍ ብሎ ሳለ ከተከፈተች ግን ያ ሁሉ ክብደት ቁልቁል ይመጣል፤ ከሥሩ እጅም እግርም አይኑር።

የዘይቱን ቋት ከመክፈት በፊት ሞተሩ እስከ መጨረሻው ይነሳል፣ የብረት መደገፊያው ይወርዳል፣ በዚያ ላይ በጠንካራ ገመድ ወይም በእንጨት ይደገፋል። ሞተሩ ወርዶ እያለ የቋቱን ቡሽ የሚፈታ ሰው ዘይቱን ፊቱ ላይ ሊያገኘው ይችላል። ዘይቱ ከቋቱ ቀዳዳ አፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ የብረት ብናኝ የሚያብረቀርቅበት ከሆነ ፓምፑ ራሱን እየበላ ነው። የሚጨመረው አምራቹ ያዘዘው ብቻ ነው፤ ያማሃ ለብዙዎቹ ሞተሮቹ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ያዝዛል። የፍሬን ዘይት በፍጹም አይጨመርም፤ ኦሪንግ የሚባሉትን የጎማ ቀለበቶች ያሳብጣቸዋል።

ውሃ የሚገባው በአብዛኛው የሲሊንደሩ ዘንግ በሚወጣበት ክዳን ላይ ባለው ሲል በኩል ነው። ሲሉን መቀየር ቀላል ይመስላል። የሚያታግለው ክዳኑ ነው፤ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት፣ የሚፈታውም ሁለት ጥርስ ባለው ልዩ ቁልፍ ነው። በጨው ውሃ ውስጥ ዓመታት ያሳለፈ ክዳን ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ስለሚጣበቅ ሙቀትና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቀዳዳውን በመዶሻና በካቻቢቴ መነረት ክዳኑን ማበላሸት ነው። ከተፈታ በኋላ ዘንጉን በጥፍር መዳሰስ ያስፈልጋል። ጥፍር የሚይዝ የዝገት ጉድጓድ ካለው አዲሱ ሲል በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይበጣና ውሃው ይመለሳል፤ እንዲህ ያለ ዘንግ ላይ አዲስ ሲል መግጠም ገንዘብ ውሃ ላይ መጣል ነው።

ዝገቱን ለመቀነስ መያዣው ብረት ላይ በእሱ ፋንታ የሚበላ ቁራጭ ብረት ይታሰራል። ለባሕር ዚንክ ይሆናል፤ ለሐይቅ ግን ማግኒዚየም ይሻላል፤ ዚንክ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ልባስ አውጥቶ ሥራ ያቆማልና። የባሕር ሞተር ገዝቶ ሐይቅ ላይ የሚያውል ሰው ይህን ልብ ቢል ጥሩ ነው።

ሁሉም ተገጥሞ ዘይቱ ከተሞላ በኋላ አየሩ መውጣት አለበት። ሞተሩን ደጋግሞ እስከ ላይ ማንሳት፣ እስከ ታች ማውረድ፣ በየመካከሉ ማሳረፍና ዘይት መጨመር ነው። ማሳረፉ ግዴታ ነው፤ ያ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር ለአጭር ጊዜ ሥራ የተሠራ ስለሆነ ቶሎ ይግላል።

ቀጥሎ ሞተሩ በግማሽ ተነስቶ፣ መደገፊያው ሳይገባ፣ ማንም በማያልፍበት ቦታ ይደር። ከእግሩ ጫፍ እስከ መሬት ያለው ርቀት ማታ በሜትር ይለካል፤ ጧት እንደገና ይለካል። ወርዶ ከተገኘና ዘንጎቹ ደረቅ ከሆኑ ዘይቱ የሚያልፈው ከውስጥ ነው። የቫልቮቹ ቤት ሊከፈት ይችላል፣ የረጅሙ ፒስተን ኦሪንግም ሊጠረጠር ይችላል። ከዚያ በፊት ግን የእጅ ማስለቀቂያዋን ቡሎን አውጥቶ የእሷን ኦሪንጎች ማየት ይሻላል፤ ከሁሉም የምትረክሰውና በቀላሉ የምትደረስባት እሷ ናት።