ላስ ቬጋስ ከራሷ ምን ታስቀር?

ላስ ቬጋስ አሮጌ ሆቴል የምታፈርሰው ሕዝብ ሰብስባ፣ ርችት ተኩሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ዱንስ የተባለው ሆቴል በፈንጂ ሲናድ፣ አዲስ ከተከፈተው ትሬዠር አይላንድ ደጅ ካለች የባሕር ወንበዴ መርከብ በተተኮሰ መድፍ የፈረሰ እንዲመስል ተደርጎ ነበር። ሁለቱም ሆቴሎች በስቲቭ ዊን ኩባንያ እጅ ስለነበሩ፣ ማፍረሱ ራሱ ለአዲሱ ማስታወቂያ ሆነ። ሳንድስ በ1996፣ ስታርደስት በ2007፣ ሪቪዬራ በ2016፣ ትሮፒካና በ2024 ያንኑ ዕጣ ተከትለዋል። ኔቫዳ በ1931 ቁማርን ከፈቀደች ወዲህ በበረሃ ላይ ለተስፋፋች ከተማ፣ ስለ ቅርስ ማውራት ለብዙዎች ቀልድ ይመስላል። የሚቀረው ነገር ምርጫ ለገበያ ብቻ ሲተው ምን እንደሚጠፋ ላየ ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም።

በ1950ዎቹ ጥቁር ዘፋኞች ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ጭብጨባ ይዘንብላቸው ነበር። ትርኢቱ ሲያበቃ ግን ብዙዎቹ እዚያው ማደር አይፈቀድላቸውምና ዌስትሳይድ ወደተባለው የጥቁሮች ሰፈር ይሄዱ ነበር። በ1955 የተከፈተው ሙላን ሩዥ ጥቁርና ነጭ ሳይለይ ያስተናገደ የመጀመሪያው የከተማዋ የካዚኖ ሆቴል ነው፤ ዕድሜው ግን ጥቂት ወራት ብቻ ነበር። በ1960 የመብት ተሟጋቾች ስትሪፕ ላይ ሰልፍ እንወጣለን ብለው ሲያስጠነቅቁ፣ ካዚኖዎቹ የዘር ክልከላውን እንዲያነሱ ስምምነት የተደረሰው በዚሁ ሆቴል ሕንፃ ውስጥ ነው። በ1992 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ሰፈረ። ይህ መዝገብ ክብር ይሰጣል እንጂ የግል ባለንብረትን እጅ አይዝም፣ እሳትም አይከለክልም። በ2003 ቃጠሎ አብዛኛውን በላው፣ ርዝራዡም ኋላ ፈረሰ። ዛሬ ከሙላን ሩዥ የሚታየው በኒዮን ሙዚየም ግቢ የተቀመጠው የስሙ ፊደላት ነው። የነደፉት ቤቲ ዊሊስ ናቸው፤ ዓለም የሚያውቀውን የ1959ኙን «እንኳን ደህና መጡ» ሰሌዳም የሠሩት እሳቸው ናቸው።

ለማዳን የፈለገ መንገድ እንደማያጣ የሚያሳየው የዚያው ሙዚየም መግቢያ ነው። የላ ኮንቻ ሞቴል እንግዳ መቀበያ የነበረው ይህ እንደ ዛጎል የታጠፈ የኮንክሪት ቤት በ1961 የተሠራ የፖል ዊሊያምስ ንድፍ ነው። ጥቁር አርክቴክት የነበሩት ዊሊያምስ፣ ነጭ ደንበኞች አጠገባቸው መቀመጥ እንዳይከብዳቸው ከጠረጴዛው ማዶ ሆነው ንድፉን ገልብጠው መሣል ተምረው ነበር። ሕንፃው በ2006 ስምንት ቦታ ተቆርጦ፣ በመኪና ተጭኖ፣ እንደገና ተገጣጥሟል። ከጀርባው ባለው ግቢ የዛጉ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል። መስታወቱ በነበልባል ላይ በእጅ የታጠፈ፣ ቀይ ብርሃኑ ከኒዮን ጋዝ፣ ሰማያዊው ከአርጎንና ከሜርኩሪ የሚወጣ ነው። የዚያ እጅ ሥራ በዛሬው ኤልኢዲ ስክሪን ላይ የለም።

የከተማዋ ባሕርይ መለወጥ ነው፣ ማስቀረት ተፈጥሮዋን መቃወም ነው የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው፤ ሁሉም ፎቅ ይቁም ማለት ከንቱ ነው። የምትለወጥ ከተማ ግን የተለወጠችበትን መዝገብ ከሌሎች አብልጣ ትፈልጋለች። በ1972 ሮበርት ቬንቱሪና ባልደረቦቹ ስለ ስትሪፕ ያሳተሙት መጽሐፍ በመላው ዓለም የአርክቴክቸር ተማሪዎች የሚያነቡት ሆኗል፤ ያጠኑት ጎዳና ግን ዛሬ ከነአብዛኛው ሕንፃው የለም። የቁማርና የወንበዴ ታሪክ ምን ይከበራል የሚለው ተቃውሞ ደግሞ መጠበቅን ከማወደስ ጋር ያምታታል። በ1950 የሴኔት መርማሪዎች ስለተደራጀ ወንጀል ምስክር የሰሙበት የ1933 የፌዴራል ሕንፃ፣ ከ2012 ጀምሮ የማፊያ ሙዚየም ሆኖ ያንን ገመና ለጎብኚ ያሳያል።

ከሁሉ የሚከብደው ትርኢቱን ማቆየት ነው። ፎሊ በርዤር የተባለው የዳንስ ትርኢት በትሮፒካና ከ1959 እስከ 2009 ሃምሳ ዓመት ያህል ታይቷል፤ ልብሱንና ፎቶግራፉን ማኖር ይቻላል፣ ያን ሁሉ ላባ በራስ ተሸክሞ ደረጃ መውረድ ምን እንደሚመስል የምትናገረው ግን ዳንሰኛዋ ብቻ ናት። አልጋ ያነጠፈች፣ ካርድ ያደለ፣ እንግዳ በታክሲ ያመላለሰም እንዲሁ፤ ከእነዚህ መካከል ኢትዮጵያውያንም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ የማፍረሻ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ባለንብረቱ ፕላኑን፣ ፎቶግራፉንና ሰሌዳውን ለቤተ መዛግብት እንዲያስረክብና የሠራተኞች ቃል እንዲቀረጽ ግዴታ ቢገባ ተገቢ ነው። አብዛኛው ስትሪፕ ከከተማው አስተዳደር ወሰን ውጭ በመሆኑ ደንቡን ማውጣት ያለበት ክላርክ ካውንቲ ነው። ወጪው ይከብዳል የሚል ባለንብረት ካለ፣ በመጀመሪያ የርችቱን ሒሳብ ያሳይ።