የእንግሊዝኛው ልብ ወለድ ቤት ሲገባ

እንደሚታወቀው ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ አብዛኛው ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ለዚሁ ደረጃ ማስተማሪያነት የመደበው ይህንኑ ቋንቋ ነው። ሒሳቡንና ፊዚክሱን እናቶች ባያነቡትም ጥቅሙን አይጠራጠሩም። ልጅቷ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ወይም ግጥም ይዛ ስትቀመጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። «ይህ ተረት አይደለም ወይ? ይልቅ ሒሳብሽን ሥሪ!» ትባላለች፤ ወይም ሥራ እንደፈታች ተቆጥሮ ወደ ጓዳ ትጠራለች።

እውነቱን ለመናገር የእናቶች ጥርጣሬ ፍጹም መሠረት የለውም አይባልም። መምህሩ የመጽሐፉን ፍሬ ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ተማሪው ገልብጦ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ማን እንደሆነ ሸምድዶ ፈተናውን የሚያልፍ ከሆነ መጽሐፉ ሳይገለጥ ዓመቱ ያልቃል። ይህ የሚሆነው ሁልጊዜ በመምህሩ ስንፍና አይደለም። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ አንድ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ ሲዳረስ ሌላ መንገድ የሌለ ይመስላል። ነገር ግን አለ። መምህሩ የምዕራፉን መጀመሪያ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንብቦ፣ ሰሚው «ከዚያስ?» በሚልበት ቦታ ላይ ቢያቆም፣ ቀሪውን ተማሪዎቹ በቡድን እየተቀባበሉ ያነቡታል። አንዱ የአባትን፣ ሌላዋ የልጅን ንግግር ይዘው ቢያነቡት ደግሞ አፋቸው ይፈታል።

ግጥሙም እንዲሁ ነው። ትርጉሙ ከመነገሩ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ በጆሮ መሰማት አለበት። የእኛ ልጆች እዚህ ላይ የሚሰናከሉበት ምክንያት አላቸው። የአማርኛ ግጥም በቀለም ቆጠራ ይሄዳል፤ የወል ቤት የሚባለው ስንኝ 12 ቀለም ኖሮት 6 በ6 ሆኖ ከመካከሉ ያርፋል። በእንግሊዝኛው ዋናው ነገር ጠበቅ ተደርጎ የሚነገረው ቀለም ነው፤ ሼክስፒር አዘውትሮ የጻፈበት ስንኝ 10 ያህል ቀለም ሲኖረው ጠበቅ የሚሉት 5ቱ ናቸው። ልጁ ሁሉንም ቀለም እኩል እያደረገ ካነበበው ዜማው ይጠፋበታል። መምህሩ ጠበቅ በሚለው ቦታ ላይ በእጁ ጠረጴዛውን መታ መታ ቢያደርግ ወዲያው ይገባዋል። ሰምና ወርቅን ሲሰማ ላደገ ልጅ፣ ከቃሉ ጀርባ ሌላ ነገር መፈለግ መቼም አዲስ አይደለም።

መጽሐፍ መምረጥም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በእኔ አስተያየት በዚህ ዕድሜ ላለ ተማሪ የናይጄሪያዊው የቺኑዋ አቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት» ከብዙ የለንደን ልብ ወለዶች ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1958 የታተመ፣ 25 ምዕራፍ ያለው፣ ዐረፍተ ነገሩ ያልተወሳሰበ መጽሐፍ ነው። ርዕሱ የተወሰደው ዬትስ ከተባለው የአየርላንድ ባለቅኔ ግጥም ስለሆነ መምህሩ ግጥሙንና ልብ ወለዱን አያይዞ ለማስተማር ይመቸዋል። ታሪኩ ስለ ኢግቦ ሕዝብ ነው፤ ሽማግሌዎቹ በምሳሌ ይናገራሉ፤ የእኛም ልጅ ይህን ከአያቱ ያውቀዋል።

ባለታሪኩ ኦኮንክዎ አባቱን እንዳይመስል የሚፈራ፣ ከፍርሃቱም የተነሣ ቤተሰቡን በቁጣ የሚያስተዳድር ሰው ነው። በአንድ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ጠመንጃው ሳይታሰብ ፈንድቶ ሰው ይገድልበትና ለ7 ዓመት ይሰደዳል። የሚሰደደው ወዴት ነው? ወደ እናቱ አገር። እዚያም አጎቱ ኡቼንዱ ይመክረዋል። ልጅ የአባቱ ነው እየተባለ ሳለ ሴት ልጅን ስለምን «እናት ትበልጣለች» የሚል ስም እናወጣለን ብሎ ይጠይቀውና፣ ሰው ሲደላው በአባቱ አገር ቢኖርም መከራ ሲመጣበት መሸሸጊያው የእናቱ አገር መሆኑን ያስረዳዋል። ይህን ክፍል አንብቦ የሚከራከር ተማሪ ከእንግሊዝኛው በላይ ያተርፋል። የኦኮንክዎ ሚስት ኤክዌፊም አለች፤ ከወለደቻቸው 10 ልጆች 9ኙ በሕፃንነታቸው ሞተውባት ኤዚንማ ብቻ ተርፋላታለች። አንድ ሌሊት የመንደሩ ካህን ልጅቷን አዝላ ስትወስድባት እናት በጨለማው ከኋላ ከኋላዋ ትከተላለች። ይህን ታሪክ ልጅዎ በአማርኛ ቢነግርዎ ለመረዳት እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግዎትም።

ከእናት የሚጠበቀውም ይኸው ነው። «ስንት ገጽ አነበብሽ?» ከማለት «ሰውየው ምን ሆነ? ለምን ተቆጣ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ገጹን ያላነበበች ልጅ መመለስ አትችልም፤ ያነበበች ግን ስትናገር ነገሩ ይበልጥ ይገባታል። ያልገባትን ቃል ሁሉ ከመዝገበ ቃላት እንድትፈልግ አያስገድዷት፤ በየመስመሩ የሚቆም አንባቢ ታሪኩ ይጠፋበታል። ቃሉ ሲደጋገም በደብተሯ ትያዘው። ከራት በኋላ አንድ ሰዓት ደግሞ ያስፈልጋታል። ያን ጊዜ ሳህኑን ወንድሟ ቢያጥብ ምን ነውር አለበት? ነገ ተራው የእሱ ሲሆን እሷ ታጥባለች።

ለመጀመር ምዕራፍ 11 ጥሩ ነው። በዚያ ምዕራፍ ኤክዌፊ ለልጇ ተረት ስታወራ እናገኛታለን፤ ኤሊ ከወፎች ላባ ተበድሮ ወደ ሰማይ ድግስ ወጥቶ፣ ምግቡን በተንኮል ለብቻው ጠራርጎ በልቶ፣ ወፎቹ ላባቸውን ሲነጥቁት ወድቆ ድንጋዩ እንዴት እንደተሰነጣጠቀ። ልጅዎ ይህን ለታናናሾቿ በአማርኛ ታውራላቸው። እርስዎም በተራዎ የጦጣን ወይም የቀበሮን ተረት ያውሩና እሷ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ለመምህሯ ጽፋ ትውሰድ።