በጅማ መንደራ ቆጪና በመሰሎቿ የመንደር ጎዳና ላይ ስለሚሮጠው ተሽከርካሪ

ጅማ ከጥንት ጀምሮ የመንገድና የገበያ አገር ናት። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ሐሙስ ሐሙስ በሂርማታ በሚቆመው ታላቅ ገበያ ከሊሙ፥ ከጎማ፥ ከጌራና ከከፋ በበቅሎና በአጋሰስ ጭኖ የሚመጣው ነጋዴ የሚጓዘው በሰው እርምጃ ልክ ስለ ነበረ፥ በመንገድ ዳር የሚጫወት ሕፃን የከብቱን ኮቴና የነጋዴውን ድምፅ ሰምቶ ዘወር ለማለት ጊዜ ነበረው። በቅሎም ብትሆን ሰው ከፊትዋ ሲቆም ራስዋ ትቆማለች።

ኦቶሞቢል ግን እንዲህ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኦቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ እንደ ተአምር አየው፤ ዛሬ ግን በጅማ ከሚገኘው ሰፈር ሁሉ ተሽከርካሪ ያልደረሰበት የለም። ቡናው በሚለቀምበት ወራት ከአጋሮና ከሌሎቹ የቡና አገሮች የሚመጣው አይሱዙ፥ ቀኑን ሙሉ የሚመላለሰው ባጃጅ፥ ከዚህም በላይ ሕዝቡ በሚያደርሰው ጥፋት «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ሲኖትራክ፥ ለበቅሎና ለእግረኛ በተቀየሰው ጠባብ ጎዳና ላይ ከሰው ጋር ተጋፍቶ ያልፋል።

በመንደራ ቆጪ፥ እንደ ሌሎቹ የጅማ ቀበሌዎች ሁሉ፥ የመንደር ጎዳና ማለት መተላለፊያ ብቻ አይደለም። የጋራ ግቢ ነው። ሕፃናት ይጫወቱበታል፥ ሴቶች ጉሊት ይዘረጉበታል፥ ሽማግሌ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ ይሄድበታል፥ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ይተከልበታል። የሚያሳዝነውም ነገር ይህ ነው፦ የሰፈሩ ሰው ከጭቃና ከአቧራ ለመዳን ሲል ከኪሱ አዋጥቶ ኮብልስቶን ወይም አስፋልት ባስነጠፈ ጊዜ፥ ጎዳናው በመለስለሱ ተሽከርካሪው ፍጥነት ይጨምራል። ቀድሞ ጉድጓዱ ይይዘው የነበረውን ሾፌር አሁን የሚይዘው የለም።

ፍጥነት ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ በሒሳብ ማየት ይቻላል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ኦቶሞቢል በአንድ ሴኮንድ 8 ሜትር ከሩብ ያህል ይጓዛል፤ 50 የሚሄደው ግን 14 ሜትር ያህል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል። እንግዲህ ኳስ የሚያባርር ልጅ ከ14 ሜትር ርቀት ላይ ብቅ ቢል፥ በ30 የሚሄደው በደረቅ መንገድ ልጁ ዘንድ ሳይደርስ ሊቆም ይችላል፤ በ50 የሚሄደው ግን ፍሬን ገና ሳይነካ፥ ፍጥነቱ ምንም ሳይቀነስ፥ ልጁን ያገኘዋል። ይህ በደረቅ መንገድ ነው። ጅማ ደግሞ ዝናብ የሚበዛባት አገር ናት።

የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. በመላው ዓለም በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው 1.19 ሚሊዮን ያህል ሲሆን፥ ከአምስቱ አንዱ እግረኛ ነው። ከሟቾቹም ከመቶ 92 የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ናቸው። በየካቲት 2012 ዓ.ም. በስቶክሆልም የተሰበሰቡት ሚኒስትሮች እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነቱ ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ የጠየቁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ብዙ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በሾፌሩ ላይ ጥሎ ዝም ማለት ይወዳል። ሾፌር ሊቀጣ ይገባል፤ ይህ አያጠያይቅም። ነገር ግን ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ የደነገገውን ሊቃውንቱ ያውቁታል። በሬው ድንገት ወግቶ ሰው ቢገድል ባለቤቱ ነፃ ነው፤ ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው የቀረ ባለቤት ግን ዕዳው በራሱ ላይ ይመለሳል። በአንድ ጎዳና ላይ ሰው መገጨቱ ለሹሙ አንድ ጊዜ፥ ሁለት ጊዜ ከተነገረው በኋላ፥ ሦስተኛው አደጋ የሾፌሩ ብቻ ነው ሊባል እንዴት ይቻላል? ጎዳና ባለቤት አለው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ አሠራሩ ላይ ግን ብዙ ስሕተት ይታያል። የሰፈር ሰው በተማረረ ጊዜ በሌሊት ድንጋይ ደርድሮ ወይም ሲሚንቶ ቆልሎ እንደ ቢላዋ የሾለ ጉብታ ያደርጋል። ይህ ባጃጅ ይገለብጣል፥ ነፍሰ ጡር የጫነ አምቡላንስ ያሰቃያል፥ ቀለም ስለሌለውም በጨለማ ራሱ አደጋ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር የመንገድ መርማሪዎች በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ዓመታት ፈትነው ያወጡት ጉብታ ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር፥ ከዳር እስከ ዳር ያለው ርዝመት ግን 3 ሜትር ከ70 ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሄደውን አይጎዳም፥ የሚሮጠውን ግን ያነጥረዋል። አንድ ብቻ ቢሠራ ሾፌሩ ካለፈው በኋላ መልሶ ስለሚሮጥ፥ ከ60 እስከ 100 ሜትር እያራራቁ መደጋገም ያስፈልጋል። ለጅማ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው የውኃው ነገር ነው። ጉብታው የዝናቡን ጎርፍ ገድቦ ወደ ሰው ቤት እንዳያስገባ በዳርና በዳር መውረጃ ቦይ ሊተውለት ይገባል፤ ቦዩም ባጃጅ በአንድ ጎማው ሾልኮ እንዳያልፍበት ጠባብ መሆን አለበት።

ሆላንዶች በፈረንጅ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ከ3,000 የሚበልጥ ሰው፥ ከእነዚህም ከ400 የሚበልጡ ሕፃናት፥ በመንገድ ላይ ሞተውባቸዋል። ወላጆች አደባባይ ወጥተው ጮኹ፤ መንግሥታቸውም ሰምቶ የመንደር ጎዳናዎችን ሠርቶ ለወጠ። ዛሬ በብስክሌት የሚመሰገኑት አገሮች እንዲህ ሆነው አልተፈጠሩም። በአዲስ አበባም በለገሃር መስቀለኛ መንገድ በ2009 ዓ.ም. ገደማ በቀለምና በቀላል መከለያ ብቻ የእግረኛው ቦታ እንዲሰፋ ተደርጎ ነበር፤ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ መጀመር እንደሚቻል ከዚህ ይታያል።

የባጃጅ ባለቤቶች እንጀራችን ይጎዳል ማለታቸው አይቀርም። 500 ሜትር ርዝመት ያለውን የመንደር ጎዳና በ50 የሚያልፍ 36 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ በ30 የሚያልፍ 60 ሴኮንድ። ልዩነቱ 24 ሴኮንድ ነው፤ ተሳፋሪ ሳንቲም ሲፈልግ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ያልፋል።

የቀረው የጊዜው ነገር ነው። በጅማ አስፋልት የሚጠገንበትና ቀለም የሚደርቅበት በጋ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ወራት ሲሆን፥ የቡና ጭነት የሚበዛውም በዚሁ ወራት ነው። ስለዚህ የከተማው መንገድ ሥራ ክፍል ጎዳናውን በአንድ ጊዜ ሳይዘጋ ግማሽ ግማሹን እየሠራ እንዲያልፍ፥ የጭነት መኪናም በእነዚያ ቀናት በዋናው ጎዳና ብቻ እንዲመራ፥ የቀበሌው ሹማምንትና የዕድር ዳኞች ከመስከረም ጀምሮ ከነጋዴዎቹ ጋር ቀን ሊቆርጡ ይገባል።