የግሸን ጠባቂ በእርሳስ ቢቀረጽ

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ቤታችን ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ይኸውም «የአሻንጉሊት ወታደር ሰብሳቢዎች ከኢትዮጵያ ታሪክ የትኛው ቢሠራላቸው ይወዳሉ?» የሚል ነው። አብዛኞቹ ጓደኞቻችን «ዐድዋ!» ብለው ጮኹ። ጎፈሩ፥ ጋሻው፥ ፈረሱ፤ በእርግጥም ዓይን ይስባል። እኛ ግን ድምፃችንን ለግሸን ሰጥተናል።

አንባቢ «ይህ የሕፃን ጨዋታ አይደለምን?» ይል ይሆናል። የእንግሊዙ ብሪተንስ ድርጅት በ1893 (ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) ውስጡ ባዶ የሆነውን የእርሳስ ወታደር መሥራት ከጀመረ ወዲህ፥ ቁመታቸው 54 ሚሊሜትር የሚያህል እነዚህ ምስሎች አዋቂዎችንም ማርከዋል። ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 የጨዋታውን ሕግ በመጽሐፍ አሳትሟል። ይኸው ድርጅት ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን የኢትዮጵያንም የኢጣሊያንም ወታደሮች ሠርቶ ለገበያ አውጥቷል። ወገናችን በመርዝ ጋዝ ሲቃጠል የለንደን ልጅ ምንጣፍ ላይ ደርድሮ ያዋጋን ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ከእኛ ወገን ማን ይቀረጽ የሚለውን ራሳችን ብንናገር ምን ይከፋል?

ግሸን በአምባሰል የሚገኝ፥ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። ዛሬ ስሙ የሚነሣው መስከረም 21 ቀን ምእመናን ለበዓሉ ሲወጡበት ነው። እስከ 1540 ድረስ ግን የነገሥታት ልጆችና ወንድሞች ዙፋን እንዳይሻሙ ተዘግተው የሚኖሩበት ስፍራ ነበር። ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ አንዱን አውርደው ያነግሡታል፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434፥ ዐፄ ናዖድም በ1494 ዙፋን የያዙት ከዚያ ወርደው ነው።

በማንኛውም የአሻንጉሊት ሣጥን ውስጥ ወታደር ፊቱን ወደ ጠላት አዙሮ ይቆማል። የግሸኑ ጠባቂ ግን ሁለት ወገን ይመለከታል፤ ገደሉን የሚወጣውንም፥ ከጀርባው ያለውንም ልዑል። ነገ ጌታው ሊሆን የሚችለውን ሰው ዛሬ በር ይዘጋበታል። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ እንደጻፈው፥ ከአምባው ደብዳቤ ይዞ የወጣ አንድ መነኩሴ በተያዘ ጊዜ ጠባቂዎቹም ግርፋት ደርሶባቸዋል። ይህን ጭንቀት በጥፍር በምታህል ፊት ላይ ማውጣት ከባድ ነው፤ በአቋቋሙ ግን ይቻላል። ጦሩን ተደግፎ አንገቱን ወደ ኋላ መለስ ያድርግ።

ቀራጩ አደራ፥ የዐድዋውን ዘማች ቀለም ቀይሮ «ግሸን» እንዳይለን! ጠመንጃ አይሰጠው፤ ጦርና የቆዳ ጋሻ፥ የጥጥ ልብስ፥ ባዶ እግር ይበቃዋል። ጠመንጃውን የግራኝ አሕመድ ሠራዊት ይያዝ፤ በ1540 አምባውን ይዞ ጠባቂዎቹን የፈጀው እርሱ ነውና። (ከዚያ በኋላ ልዑላን በበጌምድር በወኅኒ አምባ ተዘግተዋል። እስር ቤትን «ወኅኒ» ማለታችን ከዚያ የመጣ ነው ይባላል።)

ከሁሉ የምንመርጠው ግን ጦርነቱን አይደለም። ሦስት ምስል ብቻ ይበቃናል፤ የንጉሡን ሞት ይዞ ሽቅብ የደረሰ አንድ መኮንን፥ ከደጁ የወጣ ወጣት ልዑል፥ እስከዚያች ሰዓት በሩን ዘግቶበት የኖረውን ሰው እጅ ለመንሣት ጦሩን መሬት የሚያስቀምጥ ጠባቂ። ገንዘባችን ለአንዱ ብቻ ከበቃ ጠባቂውን እንገዛለን።