ለእሽቅድምድም ጨዋታ የቤትን ኮምፒዩተር ስለ ማደስ

ልጄ ፎርዛ ሆራይዘን 5 የተባለውን የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ተመኝቶ፥ የቤታችን ኮምፒዩተር አርጅቷልና አዲስ ይገዛልኝ ብሎ ለመነኝ። እኔም እናቱ ለክረምት ያስቀመጠችውን ገንዘብ እያሰብሁ፥ አስቀድመን ጨዋታው የሚጠይቀውን እንመርምር አልሁት።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ሲወጣ ቢያንስ ኢንቴል አይ5-4460 ፕሮሰሰር፥ 8 ጊጋባይት ራም፥ ጂቲኤክስ 970 ወይም ተመጣጣኝ ግራፊክስ ካርድ፥ በዲስክም ላይ 110 ጊጋባይት ባዶ ስፍራ ይፈልግ ነበር። የእኛ ፕሮሰሰር ያው ራሱ ሆኖ ተገኘ፤ ዲስኩም ሰፊ ነው። የጎደሉት ራሙና ካርዱ ብቻ ናቸው።

ስሕተቱ ከዚህ በኋላ የእኔ ሆነ። ባለን 4 ጊጋባይት ራም ላይ ሌላ 4 ለመጨመር ሱቅ ሄጄ መጠኑን ብቻ ጠይቄ ገዛሁ። ያመጣሁት ዲዲአር4 ነበር፤ የእኛ ማሽን የሚቀበለው ግን ዲዲአር3ን ነው። የሁለቱ ስንጥቅ በተለያየ ስፍራ ስለሚገኝ አንዱ በሌላው ማስገቢያ ከቶ አይገባም። እኔ በግድ ስገፋው ልጄ እጄን ባይዘኝ ኖሮ ሰሌዳውን በሰበርሁት ነበር። ባለሱቁ ግን ደግ ሰው ነውና ያለ ክርክር ለወጠልኝ።

ወላጆች ሆይ፥ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት በኃይል ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አንብቡ፤ ሻጭ ካልተጠየቀ አይናገርም። ለጂቲኤክስ 970 አምራቹ 500 ዋት ይመክራል፤ የእኛው 300 ነበር። ስለዚህ ያገለገለ ካርድ ከአዲስ የኃይል ሳጥን ጋር ገዛን።

መጀመሪያ የነዳችው እናቱ ናት፤ በፊተኛው ኩርባ ከመንገድ ወጣች።