ከ100 በላይ ሰው የገደለው የመኪና ማስነሻ፦ ፋብሪካዎች «ልዩ ባሕርይ» የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2014 ጄኔራል ሞተርስ 2.6 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን ለጥገና መልሶ ጠራ። ችግሩ ሞተሩ ወይም ፍሬኑ እንዳይመስላችሁ። ቁልፉ ገብቶ የሚዞርበት ማስነሻ ነው።

ማስነሻው ውስጥ ቁልፉን «በርቷል» ላይ አጥብቀው የሚይዙ ትንሽ ስፕሪንግና ፒን አሉ። ቁልፉን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል፣ ማለትም ቶርኩ፣ ከ15 እስከ 25 ኒውተን ሴንቲሜትር እንዲሆን ተወስኖ ነበር። በ2002 የጸደቀው ዕቃ ግን ከ15 በታች ነው። እናም ከባድ የቁልፍ መያዣ ተንጠልጥሎበት መኪናው ጉድጓድ ሲመታ፣ ወይም የሾፌሩ ጉልበት ሲነካው፣ ቁልፉ በራሱ ወደ ኋላ ይዞራል። (ጥገናው እስኪደርስ ሾፌሮች ከመኪናው ቁልፍ በቀር ሌላ ነገር እንዳያንጠለጥሉ ተነግሯቸው ነበር። የቤቱን፣ የሱቁንና የግቢውን ቁልፍ አንድ ላይ ለምናስር ለኛ ከባድ ምክር ነው።)

ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይጠፋል፣ መሪው ይከብዳል። ከሁሉ የከፋው ግን ኤርባጉም አብሮ መጥፋቱ ነው። ኩባንያው ያቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 የሞት አደጋዎችን ተቀብሎ ካሳ ከፍሏል።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ጋ ነው። አንድ መኪና ሺዎች ዕቃዎች አሉት፣ እያንዳንዱ ዕቃ ደግሞ ብዙ ልኬት። ፋብሪካው የትኛውን ልኬት ነው ከሌላው ለይቶ መጠበቅ ያለበት?

ለዚህ የሚሠራው የሂደት አደጋ ትንተና በባለሙያዎቹ አጠራር ፒኤፍኤምኢኤ ይባላል። የምርት፣ የጥራትና የጥገና ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን የሥራ ደረጃ ያነሳሉ። እዚህ ጋ ምን ሊበላሽ ይችላል? ቢበላሽ መዘዙ ምንድን ነው? ስንት ጊዜ ያጋጥማል? ከፋብሪካ ሳይወጣ እንይዘዋለን ወይ? ለመዘዙ ክብደት፣ ለድግግሞሹና ለመያዝ አቅማቸው ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ። ሲዛነፍ ሰው የሚጎዳ ወይም ሕግ የሚያስጥስ፣ አለዚያም የዕቃውን ሥራ ወይም አገጣጠም የሚያበላሽ ልኬት ሲገኝ «ልዩ ባሕርይ» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። ፎርድ ለምሳሌ ለደኅንነት ወሳኝ የሆኑትን በተገለበጠ ሦስት ማዕዘን ነው የሚያመለክተው። ልዩ ባሕርይ የግድ የዕቃው ልኬት ላይሆን ይችላል፣ የብየዳ ማሽኑ የኤሌክትሪክ መጠንም ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሂሳቡ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ ሦስቱ ነጥቦች ይባዙ ነበር። ክብደቱ 10፣ ድግግሞሹ 2፣ የመያዝ ነጥቡ 2 የሆነ ችግር 40 ያመጣል። ክብደቱ 5፣ ድግግሞሹ 5፣ የመያዝ ነጥቡ 4 የሆነው ደግሞ 100። በብዜቱ ብቻ ከሄድን ሰው የሚገድለው ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው! የአሜሪካና የጀርመን የመኪና ኢንዱስትሪ ማኅበራት በ2019 ባወጡት የጋራ መመሪያ ብዜቱን ትተው ክብደትን በሚያስቀድም ሰንጠረዥ ተክተውታል። በእኛ እይታ በጣም ዘግይቷል።

ግን ክብደቱ ራሱ በስህተት ከተሞላ የትኛውም ሰንጠረዥ አያድንም። ጄኔራል ሞተርስ ራሱ ባስጠራው ምርመራ የታየው ይሄው ነው። መኪናው እየሄደ እንደሚጠፋ መሐንዲሶቹ ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ጉዳዩን ያዩት ደንበኛን እንደሚያማርር ችግር እንጂ እንደ ደኅንነት ጉዳይ አልነበረም። «መኪናው ጠፋ» ብለው ቆሙ። «ከዚያስ? መኪናው ጠፍቶ ቢጋጭ ኤርባጉ ምን ይሆናል?» ብሎ እስከ መጨረሻው የተከተለው አልነበረም። መዘዝ ደግሞ ሰውዬው ወንበር ድረስ ካልተከተሉት አይታይም።

ሌላም አለ። በ2006 ፒኑ ረዘም እንዲል ተደረገ፤ ልዩነቱ 2 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የዕቃው መለያ ቁጥር ግን አልተቀየረም። ስለዚህ አሮጌውና አዲሱ በወረቀት ላይ አንድ ሆኑ፣ የአዲሶቹ መኪኖች ችግር ለምን እንደቀነሰም መርማሪዎች ግራ ገባቸው። ልዩነቱ የታወቀው ጆርጂያ ውስጥ ልጃቸው የሞተችባቸው ቤተሰቦች ጠበቃ የቀጠረው ባለሙያ ሁለቱን ማስነሻዎች ፈትቶ ጎን ለጎን ሲያያቸው ነው። በ2015 ኩባንያው የወንጀል ምርመራውን ለመዝጋት 900 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩ ተከታታዮቻችን አንድ ነገር መሞከር ትችላላችሁ። አይኤቲኤፍ 16949 የሚባለው የመኪና ኢንዱስትሪ የጥራት መስፈርት የልዩ ባሕርይ ምልክት በንድፉ፣ በአደጋ ትንተናው፣ በቁጥጥር ዕቅዱና በሠራተኛው የሥራ መመሪያ ላይ እንዲኖር ያዛል። ትንተናው ላይ ክብደቱ 9 ወይም 10 የተባለውን አንድ መስመር ምረጡና ማሽኑ አጠገብ እስከተለጠፈው ወረቀት ድረስ ተከተሉት። ምልክቱ እዚያ ከሌለ ማሽኑ ላይ ያለው ሰው ያ ልኬት ከሌሎቹ እንደሚለይ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።